«ልዩነት የለም» ብዬ የጻፍኩባት ገጽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። የማስተርስ ተማሪ ናት። ባቄላ ሥር ላይ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሁለት ዘር ወስዳ የትኛው እንደሚሻል እያወዳደረች ነው። ስድስት ወር ሠርታበታለች። «ጋሼ፣ ምንም ልዩነት የለም። ርዕስ ልቀይር ወይስ እንዲሁ ጽፌ ልመረቅ?» ትላለች።

መልስ ልጽፍላት ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። «ልዩነት የለም» የሚለው ነገር ነካኝ። እኔም እነዚህኑ ሁለት ቃላት ደብተሬ ላይ ጽፌያቸው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እስካሁን ይቆረቁሩኛል። ለእሷ አጭር መልስ ላክሁ። ረጅሙን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ትጋት፣ ሰዓት ስለማክበር፣ እንግሊዝኛ ስለማሻሻል አልመክራችሁም። ያንን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

በ1990 ጀርመን ገባሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ያኔ የኖርኩት በዚያው ነዋ።) የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ገና ዓመት አልሞላውም። ለዶክትሬት የተሰጠኝ ሥራ አሜባ ላይ ነበር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አሜባ ፍለጋ ጀርመን ድረስ ሄድክ? እዚህ ሰፈሩ ሁሉ ታሞበት የለም እንዴ?» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠና መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ብዙ ጊዜ ያስቀኛል፤ ደግሞም ልክ ነበረች።

የእኔ አሜባ ግን ሰው አያሳምምም። ስሙ ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ይባላል። ኬኔት ሬፐር የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ ከሰሜን ካሮላይና ጫካ፣ ከበሰበሰ ቅጠል መሃል ያገኘው ነው። ፈረንጆቹ ስላይም ሞልድ ከሚሏቸው ጋር ይመድቡታል። ሞልድ ሻጋታ ማለት ነው፤ እሱ ግን ሻጋታም አይደለም። ስም ሲወጣ ሁሌም እንዲህ ነው።

አፈር ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ለብቻው ይኖራል። ባክቴሪያ ይበላል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ሌላ ጣጣ የለበትም። ምግብ ሲያልቅ ነው ነገር የሚመጣው። የተራበው ሴል ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የሚባል ኬሚካል ይረጫል። ጎረቤቱ ሲደርሰው ወደዚያው ይንቀሳቀሳል፤ እሱም በተራው ይረጫል። በየስድስት ደቂቃው ገደማ እንደ ሞገድ ይመላለሳል። እስከ መቶ ሺህ የሚደርሱ ሴሎች ጅረት ጅረት ሠርተው ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋሉ። ይከመራሉ። ክምሩ እንደ ትንሽ ትል ሆኖ ይሳባል። 24 ሰዓት ሲሞላ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ስፖር (ክፉ ቀን እስኪያልፍ እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ ሴል) የሞላው ድብልብል ነገር ታያላችሁ። ከአምስት ሴል አንዱ ያህል ዘንጉን ሠርቶ ይሞታል። የቀሩት ስፖር ሆነው ይተርፋሉ።

ጅረቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ያየሁት ሌሊት ላይ ነበር። የከተራ ዕለት ከየደብሩ ታቦት አጅቦ ወደ ጃንሜዳ የሚፈሰው ሕዝብ ትዝ አለኝ። ከዚህም ከዚያም መንገድ ይመጣል፣ መሃል ላይ ይገናኛል። እንባዬ መጣ ብላችሁ ውሸቴን ነው፤ ግን እራቴን ረሳሁ።

ጥያቄያችን ይህ ነበር፦ ትናንት ለየብቻቸው የነበሩ ሴሎች ዛሬ በምን ተጣበቁ?

ትልቁን ሥራ ቀድሞ የሠራው ጉንተር ጌሪሽ የሚባል ጀርመናዊ ከነባልደረቦቹ ነው። ዘዴውን ሳነብ በቅናት ነው ያረርኩት። የአሜባው ሽፋን ጥንቸል ላይ ይወጋል። ጥንቸሏ አንቲቦዲ ትሠራለች፤ ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚይዝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ማለት ነው። አንቲቦዲው የሴሉን የላይ ፕሮቲኖች ይሸፍናል። የሚያጣብቀው ፕሮቲን ከተሸፈነ ሴሎቹ መለያየት አለባቸው። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ አንቲቦዲ ባለ ሁለት እጅ መሆኑ ነው። በአንድ እጁ አንዱን ሴል፣ በሌላው ሌላውን ይይዝና ጭራሽ ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል። ስለዚህ ተቆርጦ አንድ እጅ ብቻ ያለው ቁራጭ ይዘጋጃል። ለዚህ ዓይነት ሥራ መቁረጫው ፓፔይን ነው፤ ከፓፓያ የሚገኝ ኢንዛይም። ልጅ ሆነን አያቴ ጓሮ ጥሬ ፓፓያ ስንሰርቅ የሚፈሰው ነጭ ወተት እጃችንን ይልጠን ነበር። አያቴ «እጃችሁን አሳዩኝ» ብላ ነበር ሌባውን የምትይዘው። ጀርመን ሄጄ የዚያ ነገር ነጭ ዱቄት በጠርሙስ ሲሸጥ አየሁ፤ ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ።

ባለ አንድ እጅ ቁራጮቹ የተራቡትን ሴሎች ለያዩዋቸው። ቀጥሎ ከሽፋኑ ፕሮቲኖች መካከል ቁራጮቹን እየያዘ ሥራቸውን የሚያስቀረው የትኛው እንደሆነ ተፈለገ። በ1978 ተለይቶ ወጣ። ጂፒ-80 ይባላል። ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን ነው፤ 80 ክብደቱን ያመለክታል። በአንዱ ሴል ላይ ያለው በሌላው ሴል ላይ ያለውን መሰሉን ይይዛል። ጂፒ-80 ከጂፒ-80፣ ልክ እንደ መጨባበጥ።

ብቻውን ግን አይደለም። ረሃቡ እንደጀመረ ጂፒ-24 የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይቀድመዋል። ይህኛው ያለ ካልሲየም አይይዝም። ካልሲየም የሚለቅም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባል ኬሚካል ጠብ ስታደርጉበት ይለቃል። ከስድስት ሰዓት ገደማ ረሃብ በኋላ የሚበዛው ጂፒ-80 ግን ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ምኑም አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለቱን የምንለያቸው በዚህ ነበር። ክምር ሲሆኑ ደግሞ ሦስተኛ ይመጣል፤ እሱ ዘመድን ከባዳ የሚለየው ነው፤ የእሱ ነገር የተብራራው ግን ብዙ ቆይቶ በ2011 ነው፣ እዚህ ውስጥ አልገባም።

እና በ1989 የጂፒ-80 ጂን ተሰብሮ የተሠራ ዘር ወጣ። ብዙ ሰው የጠበቀው ሴሎቹ እንደ አሸዋ ተበታትነው እንዲቀሩ ነው። አልቀሩም። ፈሳሽ ውስጥ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ጨምረው ሲንጧቸው አዎ፣ ይበታተናሉ። አጋር ላይ ሲያስቀምጧቸው ግን ጅረቱም፣ ክምሩም፣ ዘንጉም እንደ ጤነኛው ሆነ። (አጋር ያ ከባሕር አረም የሚሠራው ጄሊ ነው። አማርኛችን ውስጥ ካለው «አጋር» ጋር ስሙ መግጠሙ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ሳስበው መጥፎ አጋር ነበር።)

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። የተሰጠኝ ሥራ፦ ይህ ሁሉ የተለፋበት ፕሮቲን ሲጠፋ አጋር ላይ ምን ይጎድላል? ሁለት ዓመት ፈለግኩ። አጋሩን አወፈርኩ፣ አቀጠንኩ። ሴሎቹን አበዛሁ፣ አሳነስኩ። ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ መብራት ሥር አስቀመጥኩ። 22 ዲግሪ የነበረውን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ዘንጎቹን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሁሉ ይታዩኝ ነበር። በየገጹ ግርጌ አንድ ዓይነት መስመር አለ። ልዩነት የለም። ልዩነት የለም። አንዱ ገጽ ላይ ብእሩ ወረቀቱን ቀዶታል፤ እዚያ ላይ ተናድጄ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንዲት ቴክኒሻን ነበረች። ስሟን አልጽፈውም። ያኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነበረች። የገበሬ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። አጋር የምታፈላው፣ ዕቃ የምታጥበው፣ ስንሳሳት የምታርመው እሷ ናት። እኔን ከሁሉ ትወደኝ ነበር መሰለኝ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ የሹራብ ጓንት ሠርታ ሰጥታኛለች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሳህኖቼን ልትጥል ስትሰበስብ ቆም አለች።

«እነዚህ የሚኖሩት የት ነው?»

«አፈር ውስጥ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አፈር ላይ አታስቀምጣቸውም?»

ሳቅኩ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳቅ ነው። አፈር ላይ እኮ ምን ይታያል? ጥቁር ነው። ጠጠር አለው። ሌላ ባክቴሪያ አለው፣ ፈንገስ አለው። ምን ምክንያት ምን እንዳመጣ እንዴት ይለያል? ይህን ሁሉ እንደ መምህር ሆኜ አስረዳኋት። እሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እንዲያው ነው ያልኩት» ብላ ሳህኖቹን ይዛ ሄደች።

ፕሮፌሰሩ ከልክሎኝ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በእሱ አመካኝ ነበር። ግን አልነገርኩትም። የከለከልኩት ራሴ ነኝ።

ለምን? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኔ ያደግኩት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ክረምት በባዶ እግሬ ጭቃ ረግጬ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። ለእኔ ሳይንስ ማለት ነጭ ጋውን፣ ነጭ ጠረጴዛ፣ ነጭ ሳህን ነበር። ከአፈር ሸሽቼ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዤ መጥቼ፣ አንዲት ሴት ደግሞ መልሰህ አፈር አምጣ ትለኛለች። ያን ቀን ይህን ቃል በቃል አላሰብኩትም። ሳቁ ውስጥ ግን ያለው ይህ ነው።

ደግሞ ከማንም የበለጠ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አባቴ አዲስ ክፍል ሲጨምር ጭቃውን በእግራችን ያቦካነው እኛ ልጆቹ ነን። አባቴ ጭድ በልኩ ነበር የሚያስገባው። አንድ ጎረቤታችን ግን ጭድ ተወዶ ስለነበር ቆጠበ። ግድግዳው ሲመረግና ሲለሰን የእኛና የእሱ አንድ ነበር። እንዲያውም የእሱ ያምር ነበር። ሐምሌ ሲገባ የእሱ በቁሙ ይፈርስ ጀመር። እናቴ በዝናብ እየሮጠች ልጆቹን ወደ እኛ ቤት ስታስገባ ትዝ ይለኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። የማጣበቂያ ነገር በደረቅ ቀን እንደማይታወቅ በሰባት ዓመቴ አይቻለሁ፤ በሠላሳ ዓመቴ ረስቼዋለሁ።

መመረቂያዬን ጻፍኩ። አንድ ምዕራፍ ሙሉ «ልዩነት የለም» ነው። ፕሮቲኑ መጠባበቂያ ሳይሆን አይቀርም፣ ሌሎቹ ይተኩታል ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ ውጤት ሰጡኝ። ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ከዚያ 1998 መጣ። ቱሪን፣ ጣሊያን ያሉት ፖንቴ፣ ቦዛሮና ባልደረቦቻቸው ጽሑፍ አወጡ። እኔ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርኔት እንደ አሁኑ ኪሳችሁ ውስጥ አልነበረም። አንድ የድሮ ጓደኛዬ ኮፒ አድርጎ በፖስታ ላከልኝ። ቢሮዬ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እነዚያኑ ጂፒ-80 የሌላቸውን ሴሎች ወስደው አፈር ላይ አስቀመጡ። አለቀ። ሌላ ጥበብ የለውም። አጋር ላይ ጤነኛ የሚመስሉት ሴሎች አፈር ላይ ሲሆኑ መሰባሰብ ተቸገሩ።

ተቀመጥኩ። ሻይ ታዘዘልኝ፤ ቀዘቀዘ።

በ2003 ደግሞ እነክዌለርና ስትራስማን ሂዩስተን ካለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከቱሪኖቹ ጋር ይበልጥ የሚገርም ነገር አሳዩ። ጤነኞቹንና ጂፒ-80 የሌላቸውን ቀላቀሏቸው። አጋር ላይ ጂፒ-80 የሌላቸው ጭራሽ ይጠቀማሉ። እምብዛም ስለማይጣበቁ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ኋላ ያለው ደግሞ ስፖር የሚሆነው ነው። ሌላው ዘንግ ሆኖ ሲሞት እነሱ ይተርፋሉ። አፈር ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጤነኞቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ማጣበቂያ የሌላቸው ከክምሩ ውጭ ይቀራሉ። አንድ ጂን መሰሉን ይለያል፣ ይይዛል፣ ይጠቅማል። ባዮሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ጂን «አረንጓዴ ጢም» ይሉታል፤ ጢማቸው አረንጓዴ የሆነ ሰዎች በጢማቸው እየተዋወቁ እርስ በርስ ቢረዳዱ እንደማለት ነው። ለረጅም ጊዜ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር ይመስል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ለስለስ ያለ ጄሊ ላይ አስቀምጬ ዘንግ እቆጥር ነበር።

ቀዳሚ አለመሆኔ ብዙም አይቆጨኝም። ትንሽ ይቆጨኛል፤ አልዋሻችሁም። ከዚህ የበለጠ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ2006 ለስብሰባ ጀርመን ሄድኩ። ቴክኒሻኗ ጡረታ ወጥታለች። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ቤቷ ሄድኩ። አጎንብሳ ድንች እያወጣች አገኘኋት። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ አቀፈችኝ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጉልበቷ አጫወተችኝ፣ ቡና አፈላን። ጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ላሳያት ነው ይዤው የሄድኩት። «ያን ዓርብ ልክ ነበርሽ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አላልኩም። ምናልባት ረስታዋለች፣ ለምን አነሳዋለሁ አልኩ። ሰው ሲያፍር የማያመጣው ምክንያት የለም። በር ላይ ድንች በፌስታል ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም።

እንግዲህ ከዚህ ተነስታችሁ «ጋሼ ተስፋ አትቁረጡ እያለን ነው» እንዳትሉ። ተስፋ መቁረጥ ያለባችሁ ጊዜም አለ። በዚሁ በእኔ አሜባ ላይ በ1973 ዲስኮይዲን የሚባል ፕሮቲን ተገኘ። ቀይ የደም ሴሎችን ያጣብቅ ነበር። በቃ፣ ሴሎቹን የሚያያይዘው ይህ ነው ተባለ። ዓመታት ፈሰሰበት። በኋላ ሴልን ከሴል የሚያጣብቀው እሱ እንዳልሆነ ታየ፤ ሥራው ሴሉ ከሚሄድበት መሬት ጋር የሚያያዝ ነገር ሆነ። እዚያ ላይ ደግሞ ቶሎ መተው ይሻል የነበረ ሰው ብዙ ነው። ታዲያ መቼ ነው የሚተወው፣ መቼ ነው የሚቀጠለው? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተውኩም፤ ችግሬ አለመተዌ ነበር ወይስ ቶሎ መተዌ? ሁለቱንም ስል ራሴን ሰምቼዋለሁ፣ እንደ ጠያቂው ፊት።

የዛሬ ልጆች በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ፤ ስትጠይቁ አታፍሩም። እኔ በእናንተ ዕድሜ የማላውቀውን ሰው «ጋሼ» ብዬ አስቸግሬ ለመጻፍ ሦስት ወር ያስፈልገኝ ነበር። የምታስቸግሩኝ ግን ጥያቄውን ለቻት ጂፒቲ ከጠየቃችሁ በኋላ እኔን ስትጠይቁኝ ነው። የእሱን መልስ ታውቁታላችሁ፣ እኔ እንድስማማ ነው የምትፈልጉት። አንዱ ባለፈው «እሱ እንዲህ ብሏል» አለኝ፤ ማን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ሌላው ደግሞ የግሪን ሃውስ ዘበኛን፣ ሳህን የሚያጥበውን፣ አፈር የሚያመላልሰውን ሰው ስማቸውን አታውቁም። ይህን ስል እኔም አላውቅም ነበር ለማለት ያህል ነው።

ወደ ባቄላዋ ልጅ ልመለስ። «ሁለቱን ዘሮች ያወዳደርሽው ምን ውስጥ ነው?» አልኳት። «ማሰሮ ውስጥ፣ በእንፋሎት የጸዳ አሸዋ ላይ» አለችኝ። ልክ ነው፤ መማሪያው እንዲያ ነው የሚለው። ግን አሸዋው ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ የለም። ሥሩን የሚሻማቸው የለም። ሁለቱም ዘሮች ባዶ ቤት ገብተው እንደልባቸው ተቀመጡ። የገበሬ ማሳ ውስጥ ግን ከድሮ ጀምሮ የሚኖሩ የሥር ባክቴሪያዎች አሉ። እዚያ ገብቶ ተጋፍቶ ሥሩን መያዝ ሌላ ነገር ነው። ልዩነት ካለ እዚያ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

«አማካሪዬ እሺ አይሉም፣ ሰኔ ላይ ነው የምመረቀው» አለች። «አስፈቅደሽ ሥሪ አላልኩም፤ ከዋናው ጎን ስድስት ማሰሮ ብቻ» አልኳት። ከዚያ ወዲያው ጸጸተኝ፤ የሰው አማካሪ ላይ መግባት ነው። ደምስሼ እንደገና ጻፍኩ፦ «ነግረሻቸው ሥሪ። ባቄላ በተደጋጋሚ ከተዘራበት ማሳ ሁለት ባልዲ አፈር በቂ ነው። ገበሬውን ስሙን ጠይቂው፣ በመመረቂያሽ ምስጋና ላይ አስገቢው።»

ይህን ከላክሁ ሦስት ቀን ሆነ። አንብባዋለች። አልመለሰችም። ምናልባት ባልዲ ይዛ ወጥታ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ሽማግሌው አፈር አፈር ይላል ብላ ከጓደኞቿ ጋር ስቃብኝ ይሆናል።